የኢንሹራንስ ወኪልነት፦ ሰው የሚለውና ሕጉ የሚለው

ወደ ኢንሹራንስ ሽያጭ ልግባ ብሎ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጓደኛውን ነው። ጓደኛም ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን ይገምታል። ደንቡ ከአገር አገር፣ በአሜሪካ ደግሞ ከግዛት ግዛት ይለያያል። አንዳንዱ ግምት ግን የትም ቦታ ልክ አይደለም።

«ዲግሪ ከሌለህ አትልፋ»

እንዲያውም በትምህርት ደረጃ በኩል ይህ ሥራ ብዙ አይጠይቅም። በህንድ 10ኛ ክፍል ያለፈ ሰው ወኪል መሆን ይችላል። በአሜሪካም ፈቃድ ለማውጣት የኮሌጅ ዲግሪ ግዴታ አይደለም። ዲግሪ አምጣ የሚል ካለ ቀጣሪው ነው፣ ፈቃድ ሰጪው አይደለም። ከፈተና በፊት የሚወሰደው ሥልጠናም ወጥ አይደለም። ፍሎሪዳ ለንብረትና ለተጠያቂነት (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት) መድን ወኪል በተለመደው መንገድ 200 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ቴክሳስ ምንም አትጠይቅም።

«ፈተናው ለወጉ ያህል ነው»

ይሄ ብዙ ሰው ይጥላል። አፈ ጮሌ መሆን መሸጫ ላይ ይጠቅም ይሆናል፣ ፈተና ላይ ግን አያድንም። አንዱ ክፍል ስለ መድን አሠራር ነው፤ አረቦን (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለው)፣ የእፎይታ ጊዜ (ክፍያ ቢዘገይም ሽፋኑ የሚቆይበት)፣ ከሽፋን ውጪ የሚሆኑ ነገሮች። ሌላው ሕግ ነው፤ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብህ፣ የደንበኛን ገንዘብ እንዴት ትይዛለህ፣ የመሳሰለው። እኔን ብትጠይቁኝ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ በጭንቅላት ገምቶ አይደረስበትምና። በዚያ ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ የማይካተተው የትኛው ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። ቸኩሎ ያነበበ «የሚካተተው» ብሎ ያነብና የመጀመሪያዋን ትክክል የምትመስል መልስ ያጠቁራል።

«ኩባንያው ከቀጠረኝ መሸጥ እችላለሁ»

አደገኛው ይሄ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሚከተሉት ሞዴል ሕግ (ግዛቶች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ የሚቀዱት ናሙና) ያለ ፈቃድ ሦስት ነገር ይከለክላል፦ መሸጥ፣ ደንበኛን ግዛ ብሎ ማግባባት፣ መደራደር። ችግሩ መስመሩ የሚታለፈው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው።

ገና ፈተና ያልወሰደ አዲስ ሠራተኛ ስልክ አነሳ እንበል። ስምና አድራሻ መመዝገብ፣ ቀጠሮ መያዝ ችግር የለውም። ደዋዩ ግን «ለመኪናዬ የትኛው ሽፋን ይሻለኛል?» ይለዋል። ልጁ ለመርዳት ብሎ «አይ፣ እርስዎ ሙሉውን ቢወስዱ ነው የሚያዋጣዎት» ካለ አለቀ፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሠራ። ትክክለኛው መልስ «ከወኪላችን ጋር ላገናኝዎት» ነው። ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ኮሚሽን መካፈልም አይቻልም። «አንተ ሽጥ፣ እኔ በስሜ አስገባለሁ» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ።

ተቃራኒውም ይሠራል። ፈቃድ ማውጣት ብቻውን የየትኛውንም ኩባንያ ፖሊሲ (የመድን ውል) ለመሸጥ አያበቃም። ፈቃዱን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይሰጣል፤ ውክልናውን ኩባንያው።

«አንዱ ፈቃድ ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም። የሕይወት መድን ሌላ፣ የጤና ሌላ፣ የንብረትና የተጠያቂነት ሌላ ነው። ዋጋው ከአክሲዮን ገበያ ጋር ለሚወጣና ለሚወርድ የሕይወት መድን ደግሞ በአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ (እንደ አክሲዮን ያሉ ነገሮች መሸጫ) ፈቃድም ይጨመርበታል።

«ወኪልና ደላላ ያው ነው»

ወኪል ኩባንያውን ይወክላል፣ ደላላ ደንበኛውን።

«ወንጀል ካለብህ በሩ ዝግ ነው»

እንደ ወንጀሉ ነው። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ። ከማጭበርበር ወይም እምነት ከማጉደል ጋር በተያያዘ ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከተቆጣጣሪው የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ በኢንሹራንስ ሥራ መሠማራት አይችልም። ሌላው ጥፋት በየጉዳዩ ይታያል። ብዙዎችን የሚያስጥለው ግን ድሮ የሠሩት ሳይሆን ማመልከቻው ላይ «የለብኝም» ማለታቸው ነው። አሻራ ሲሰጥ ይወጣል።

«አንዴ ካለፍኩ ጨረስኩ»

ፈቃድ ይታደሳል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱ ስለ ሥነ ምግባር ነው። ግዛት የሚቀይር ሰው ግን ፈተናውን እንደገና እወስዳለሁ ብሎ አይስጋ። በዚያው ሞዴል ሕግ መሠረት ፈቃዱ ንጹሕ ሆኖ አዲሱ ግዛት ከገባ በ90 ቀን ውስጥ ካመለከተ ያለ ፈተና ያገኛል። ቀኑን ካሳለፈ ግን ወደ ፈተና ወንበር ሊመለስ ይችላል።