ሴንተር ሲቲ፦ የፊላደልፊያ መሀል ከተማ

ሴንተር ሲቲ በአሜሪካ የምትገኘው የፊላደልፊያ ከተማ ዋና የንግድና የቢሮ ሰፈር ነው። ዊሊያም ፔን ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1682 ሲቆረቁር፣ ቀያሹ ቶማስ ሆልም በደላዌርና በስኩልኪል ወንዞች መካከል 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ፣ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተከፋፈለ ፕላን ነደፈለት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት መንገዶች ቁጥር ወጣላቸው፤ አብዛኞቹ አግዳሚዎች ደግሞ እንደ ዎልነትና ፓይን ባሉ የዛፍ ስሞች ተጠሩ። መሀል ላይ አንድ ትልቅ አደባባይ፣ በአራቱም ማዕዘን አንዳንድ አደባባይ ተተወ። ለንደን በ1666 በእሳት ስትወድም የኖረበት ዘመን ነውና፣ ፔን ቤቶቹ ተራርቀው በአትክልት እንዲከበቡ ፈልጎ ነበር።

ነጋዴው ግን ዕቃው ከሚራገፍበት ከደላዌር ወደብ ፈቀቅ አላለም። ሰፋፊው ቦታ እየተሸነሸነ ተሸጠ፣ በየመሀሉም ቀጭን መተላለፊያ ተከፈተ፤ ከነዚህ አንዱ በሆነው በኤልፍሬትስ አሌይ ዛሬም ሰው ይኖራል። የመሀሉ አደባባይ ከመቶ ዓመት በላይ ዳር ሆኖ ቆየ። የንግዱ እምብርት ፔን ካሰበው ቦታ የደረሰው ማዘጋጃ ቤቱ (1871–1901) እዚያው አደባባይ ላይ ሲሠራና የባቡር ጣቢያዎች ሲከቡት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ 167 ሜትር ይረዝማል። ግንቡን የተሸከመው ድንጋይና ጡብ ስለሆነ፣ የታችኛው ግድግዳ ውፍረት ከ6 ሜትር ይበልጣል። ጫፉ ላይ የአሌክሳንደር ሚልን ካልደር ሥራ የሆነው፣ 11 ሜትር የሚሆን የፔን ሐውልት ቆሟል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለተተከለ አብዛኛውን ቀን ፊቱ ጥላ ነው። ለረጅም ዘመን ከፔን ባርኔጣ በላይ ማንም አይገንባ የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ነበር፤ በ1987 ዋን ሊበርቲ ፕሌስ የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ትልልቅ የስፖርት ክለቦች ዋንጫ ሲርቃቸው ደጋፊው «የፔን እርግማን ነው» አለ። በ2007 ኮምካስት ሴንተር የተባለውን ረጅም ሕንፃ የሚገነቡ ሠራተኞች የመጨረሻው የጫፍ ብረት ላይ ትንሽ የፔን ምስል ለጠፉ፤ በዓመቱ የከተማዋ ክለብ ፊሊስ የቤዝቦል ሻምፒዮን ሆነ። አጋጣሚ ቢሆንም ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ከገበያዎቹ ሪዲንግ ተርሚናል ይጠቀሳል። የባቡር ኩባንያው ጣቢያ ሊሠራ ሲመጣ ነባሮቹ ነጋዴዎች አንነሣም ስላሉ፣ ጣቢያው ከላይ፣ ገበያው ከሥር ሆኖ በ1893 ተከፈተ። ባቡሩ በ1984 ቆመ፤ ገበያው አለ። ትኩስ ፕሬትዝል (የተጠማዘዘ ዳቦ) እና በጥንቱ ወግ የሚኖሩትን ክርስቲያኖች፣ የአሚሽ ገበሬዎችን፣ አይብ ያማረው ሰው እሑድ ባይሄድ ይሻላል፤ ገበያው ቢከፈትም አሚሾቹ በሰንበት አይሸጡም።