ስታቲክ ሾክ፦ የዳኮታው ልጅ

ስታቲክ ሾክ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2000 እስከ ሜይ 2004 ኪድስ ደብሊው ቢ በተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም የታየ የካርቱን ተከታታይ ነው። አራት ምዕራፍና 52 ክፍሎች አሉት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቨርጂል ሃውኪንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ታዳጊ ነው። ድምፁን የሰጠው ፊል ላማር ነው። በራሱ ስም ተከታታይ የተሠራለት የመጀመሪያው ጥቁር ሱፐርሂሮ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ከእሱ በፊት የነበሩት በአብዛኛው የቡድን አባል ወይም የሌላ ጀግና አጋዥ ስለነበሩ አባባሉ ሚዛን ይደፋል።

ልጁ መጀመሪያ የተፈጠረው ለኮሚክ መጽሐፍ ነው። በ1993 ድዌይን ማክደፊ፣ ዴኒስ ካወን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል ማይልስቶን የተባለውን የኮሚክ ድርጅት ይዘው ብቅ አሉ። አራቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ኅትመቱንና ሥርጭቱን ዲሲ ኮሚክስ ያዘላቸው፤ የገጸ ባሕርያቱ ባለቤትነት ግን በእጃቸው ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥቁር ጀግና ምን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚለብስ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ስታቲክ የተባለውን ኮሚክ ማክደፊና ሮበርት ዋሽንግተን ጻፉት፤ ጆን ፖል ሊዮን ሣለው። 45 እትሞች ወጥተው በ1997 ቆመ።

ቨርጂል የሚለው ስም እንዲሁ አልተመረጠም። እውነተኛው ቨርጂል ሃውኪንስ በ1949 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመማር አመልክቶ ጥቁር በመሆኑ የተከለከለ ሰው ነው። ክሱ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1958 የራሱን ማመልከቻ ትቶ ለሌሎች ጥቁር ተማሪዎች በሩን አስከፈተ። እሱ እዚያ አልተማረም። በፍሎሪዳ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘው በ1976፣ ስድሳውን ካለፈ በኋላ ነው። ካርቱኑን በልጅነቱ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ስሙ ራሱ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ታሪኩ ዳኮታ በምትባል የፈጠራ ከተማ ይካሄዳል። አንድ ሌሊት ወደብ አካባቢ ወሮበሎች ይጋጫሉ። ቨርጂልም ሳይፈልግ ተጎትቶ እዚያ ተገኝቷል። ፖሊስ ደረሰ፤ እዚያ የነበረ ያልታወቀ ኬሚካል ፈነዳ፤ ጋዙ የነካቸው ወጣቶች ተለወጡ። ባንግ ቤቢስ ይሏቸዋል። ቨርጂል ያገኘው የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል ነው። የጀግና ስሙ ስታቲክ ነው፤ ስታቲክ ማለት ሹራብ ስናወልቅ ጠስ ጠስ የሚለው የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው። እንደ ሰፌድ ክብ በሆነ፣ በሚታጠፍ ብረት ላይ ቆሞ ይበርራል። ጓደኛው ሪቺ ዕቃውን ይሠራለታል፤ በኋላም ጊር በሚል ስም አብሮት ይሰለፋል።

ዛሬ ተመልሶ ሲታይ ግን የተከታታዩ ጉልበት ያለው ሃውኪንስ ቤት ውስጥ ነው። አባትየው ሮበርት የማኅበረሰብ ማዕከል ይመራል። ልጆቹን የሚያሳድገው ብቻውን ነው። እናትየው ጂን የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ ነበረች፤ ከተማዋ በረብሻ ስትናጥ ሰው ልትረዳ ወጥታ ተገደለች። በኮሚኩ እናትየው በሕይወት አለች። የካርቱኑ አዘጋጆች ያደረጉት ለውጥ ነው፤ አንዳንድ የኮሚኩ ወዳጆች አልወደዱትም። እኔ ግን ተከታታዩን ያጠነከረው ይህ ይመስለኛል። ቨርጂል በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዞ እናቱን የሚያገኝበት ክፍል አለ። እንዳትሄድ ይለምናታል። እሷ ግን ሥራዋ ስለሆነ ትሄዳለች። ያን ክፍል ዓይኑ ሳይረጥብ የሚጨርስ ያለ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ቨርጂል ሪቺ ቤት ያድራል፤ የሪቺ አባት ስለ ጥቁሮች የሚናገረውንም ይሰማል። ሪቺ አፍሮ ከቤት ይጠፋል። ልጁን ፍለጋ ሁለቱ አባቶች አብረው ይወጣሉ። መኪና ውስጥ የሚነጋገሩት ነገር ለልጆች ካርቱን ድፍረት ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ጂሚ የሚባል፣ እኩዮቹ የሚያሰቃዩት ተማሪ የአባቱን ሽጉጥ ትምህርት ቤት ይዞ ይመጣል፤ ሪቺም እግሩ ላይ በጥይት ይቆስላል። እዚያ ላይ የሱፐርሂሮ ኃይል ምንም አላዳነም።

ቤተሰቡ ወደ ጋና የሚሄድበት ክፍልም አለ። አናንሲ ከተባለው የሸረሪት ጀግና ጋር የሚገናኙትም እዚያ ነው። ቨርጂል አፍሪካ ላይ ጥቁር ልጅ ሳይሆን በቃ ልጅ ብቻ መሆኑ ይሰማዋል። ውጭ አገር የሚያድጉ የእኛ ልጆች እረፍት ላይ አዲስ አበባ ሲገቡ ይህን ስሜት በደንብ ያውቁታል።

ባትማን፣ ሱፐርማንና ጀስቲስ ሊግ የተባለው የጀግኖች ቡድንም በእንግድነት መጥተዋል። የቅርጫት ኳሱ ሻኪል ኦኒል አንድ ክፍል ላይ በራሱ ድምፅ ይጫወታል።

ተከታታዩ ተመልካች ጠፍቶ አልተቋረጠም። የተቋረጠው በአሻንጉሊትና በመሰል ዕቃዎች ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ትንሽ ስለነበረ ነው ይባላል። ማክደፊ በጅማሬው ላይ እጁ እምብዛም አልነበረበትም፤ በኋላ ግን ገብቶ በርካታ ክፍሎችን ጽፏል። በፌብሩወሪ 2011 አረፈ። በዚያው ዓመት ዲሲ አዲስ የስታቲክ ኮሚክ ቢጀምርም ከስምንት እትም አላለፈም። በ2021 ማይልስቶን ሲመለስ ስታቲክም እንደገና ከአንድ ቁጥር ጀመረ። የመጀመሪያውን ስታቲክ የሣለው ጆን ፖል ሊዮን በዚያው ዓመት በሜይ ወር አርፏል።