ቴሌስኮፕን ሚዛን ማስያዝ፣ ከጅማ ሰማይ ስር

የኮከብ ፎቶ ለማንሳት ካሜራው ለደቂቃዎች ክፍት ይቆያል። ምድር ግን አትጠብቅም፤ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንዴ ትዞራለች። ስለዚህ ቴሌስኮፑን የተሸከመው ማውንት በሞተር ኮከቦቹን ይከተላል። ጎኑ ላይ የታሰረች ትንሽ ካሜራ ደግሞ አንድ ኮከብ መርጣ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ታያለች። ኮከቡ ፈቀቅ ካለባት ሞተሩን ታርመዋለች። ይህ ጋይዲንግ ይባላል። ሸክሙ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ግን እርማቱ በወጉ አይደርስም።

ሚዛን ከመያዙ በፊት ዕቃው ሁሉ ይገጠማል፤ ገመድ ሳይቀር። ክዳኑ ይነሳል፣ ፎከሱ ይስተካከላል። ከዚያ ዘንጉን የሚቆልፈውን ክላች ላላ አድርጎ፣ ከቴሌስኮፑ በተቃራኒ ማመዛዘኛ ክብደቱን የተሸከመውን ብረት አግድም ማስተኛት ነው። እጅዎን እንዳይለቁ! ክብደቱ ወደ ታች ከሄደ ወደ መሃል ይሳባል፤ ቴሌስኮፑ ከወረደ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ቀጥሎ ቴሌስኮፑን አግድም አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው።

የቡና ሚዛን ልክ ሲሆን ደስ ይላል። እዚህ ግን ልክ መሆኑ ራሱ ጣጣ አለው። በሞተሩ ጥርሶች መካከል ትንሽ ክፍተት አለች። ሚዛኑ ፍጹም ከሆነ ጥርሱ በክፍተቷ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ኮከቡም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የምሥራቁን ወገን ለአመል ያህል ከበድ ማድረግ ይለመዳል። ሞተሩ ሁልጊዜ ሽቅብ ስለሚገፋ ጥርስ ከጥርስ አይላቀቅም። ቴሌስኮፑ ወደ ሌላው ጎን ሲገለበጥ የትኛው ወገን ከበድ እንደሚል እንደገና ይፈተሻል።

የጅማ ልዩ ጣጣ ሌላ ነው። ማውንቱ ኮከቦቹን በትክክል እንዲከተል ዋና ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መጠቆም አለበት። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ሰሜን ኮከብም ከአድማሱ በላይ በዚያው ልክ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ክንድ ዘርግተው ጡጫዎን አድማሱ ላይ ቢያስቀምጡ ከጡጫው አናት በታች ትሆናለች። ኮረብታ ወይም የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከጋረዳት አለቀ። ያኔ ከአናት በላይ ያለ፣ ከዚያም በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ዝቅ ያለ ኮከብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲንሸራተት እያዩ ዘንጉን ማስተካከል ይቻላል። ሰሜን ኮከብ ዝቅ ስላለች ዘንጉም ተጋድሞ ስለሚቀር የክብደቱ ብረት ከስታንዱ እግር ጋር ይጋጫል። አንዳንዱ ማውንት ጭራሽ ያን ያህል ዝቅ አይልም፤ የሰሜኑን እግር ማሳጠር ግድ ይሆናል። ትርፉም አለ፦ ኦሪዮን የተባለው ኅብረ ኮከብ ከአናት አካባቢ ያልፋል፣ የደቡብ መስቀልም ይታያል።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ይጠራል። ጤዛው ግን ሌንሱን ያለብሰዋል። ማሞቂያ ቀበቶ ይጠመጠምበታል። እኔ አንዴ ሚዛኑን ከጨረስኩ በኋላ ጠመጠምኩትና ሌሊቱን ሙሉ ኮከቦቼ እንቁላል መስለው አደሩ።