ቤንዚን የሚበላ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋ ሚኒባስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። አጭር መንገድ ነው። ግን መኪናው ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ፣ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ሞተራችሁ ሕመም ካለበት ሐረጎ ላይ ይናገራል።

የእኔም የተናገረው እዚያው ነው። የቤንዚን ሚኒባሴ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ማንገራገር ጀመረ። ደሴ ገብቼ ፒያሳ ላይ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ጸጥ አለ። በዚያው ሰሞን ቤንዚኑ እንደ ውሃ ይሄድ ጀመር።

ከዚያ ምክር ዘነበብኝ። ሾፌሩም ረዳቱም በቅንነት መከረኝ። እኔም የሰማሁትን ሁሉ ሞከርኩ፤ ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ ስቀያይር ከረምኩ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ ንገረኝ፤ መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከታች ያለው የሰማኋቸው ምክሮችና እሳቸው ዘንድ ቁጭ ብዬ የተማርኩት ነው።

«ደሴ ዳገትና ብርድ ነው፣ መብላቱ አይቀርም»

ግማሹ እውነት ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር (በአሮጌ መኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ይህን አያውቅም፤ ለቆላ በተስተካከለበት መጠን ቤንዚኑን ያፈሳል። ተቃጥሎ ያላለቀው ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። መፍትሔው ካርቡሬተሩን ለምትውሉበት ከፍታ ማስተካከል ነው። ግን ተጠንቀቁ። ደሴ ላይ ያስተካከላችሁትን ይዛችሁ በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ ከወረዳችሁ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ቤንዚኑ ያንሰውና ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል።

ኢንጀክሽን ያለው (በካርቡሬተር ፋንታ ኮምፒውተር እያዘዘ ቤንዚን የሚረጭለት) መኪና ግን ሌላ ነው። አየሩን በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ መኪና ይዞ በከፍታው ማሳበብ አያስኬድም።

ዳገትና ጭነት ይበላሉ፣ አዎ። ሐረጎ ግን አምናም እዚያው ነበር። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት ፍጆታው ከጨመረ የተለወጠው መኪናው ነው። መጨመሩን ለማወቅ ደግሞ መለካት አለባችሁ። «ይህን ያህል ብር ቀድቼ ቶሎ አለቀ» ልኬት አይደለም፤ ዋጋ ይለዋወጣል፣ ጌጅም ይዋሻል። ታንከሩን እስከ አፉ አስሞሉ። ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ሁለት ሦስት ቀን ሥሩና እንደገና አስሞልታችሁ የገባውን ሊትር እዩ። 36 ሊትር ከገባና 240 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር በልቷል ማለት ነው። የእኔ በደህናው ጊዜ 12 ነበር። ሲታመም 16 ከግማሽ ደረሰ።

«ካንዴላ ቀይር፣ ይለቅሃል»

ካንዴላ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ ነው። ሲቀየር ለአንድ ሳምንት ያህል ሊሻለው ይችላል። ከዚያ አዲሱም ካንዴላ ይጠቁራል። ሁለት ጊዜ ቀይሬ አይቼዋለሁ።

አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት እዩት። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል። ነጣ ካለ ቤንዚን አንሶታል ወይም በጣም ግሏል። ቤንዚን ካራሰው እሳት እየሰጠ አይደለም። ዘይት ከያዘ ደግሞ ጉዳዩ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ነው። ስታወጧቸው የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ አትቀላቅሉ። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከጠቆረ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፦ እሳት የሚሰጠው ኮይል፣ ገመዱ ወይም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ግን ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ፦ የአየር ማጣሪያ፣ የቤንዚን ግፊት፣ ሴንሰር፣ የሞተሩ ሙቀት። የእኔ አራቱም ጥቁር ነበሩ።

«ቴርሞስታት ለአገራችን አይሆንም፣ አውጥተህ ጣለው»

ቴርሞስታት የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ ነው። ይህ ምክር በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ሲያቃጥል አይቻለሁ። የእኔንም መኪና የቀድሞው ባለቤት አውጥቶለት ነበር። እኔ አላወቅኩም።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። መኪናው አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ይፈላል። «ቴርሞስታቱ ነው» ይባልና ይወጣል። የፈላው ግን ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ ፋኑ ደክሞ ወይም የራዲያተሩ ክዳን ሞቶ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ማንም አይጠረጥረውም። ደሴ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ደህናው ሞተርም ይፈላል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ቴርሞስታቱ ሲወጣ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ ቴርሞስታቶች 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ነው መከፈት የሚጀምሩት። እስከዚያ ውሃው ወደ ራዲያተር አይሄድም፤ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ቴርሞስታት ከሌለ ግን ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይቀዘቅዛል። በደሴ ጠዋት፣ ከጦሳ በሚወርደው ብርድ፣ ሐረጎን ነዳጅ ሳትረግጡ ስትወርዱ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይውላል። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ «ገና ብርድ ነው» ይለዋል። ኮምፒውተሩም ልክ ጠዋት እንደሚነሳ ሞተር ቤንዚን ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ። የተረፈው ቤንዚን ደግሞ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ተጠንቀቁ። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ዘልሎ በአቋራጭ ይዞራል። እንዲህ ያለው ሞተር ጭራሽ ይብስበታል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ቀዝቃዛ ሞተር አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር የጎማ ቱቦ ከፋኑ ራቅ ብላችሁ ንኩት። ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ ድንገት መጋል አለበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ከሞቀ ቴርሞስታቱ የለም፤ ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ቴርሞስታቱ ደህና ሆኖ የሙቀት ሴንሰሩ ከተበላሸም ውጤቱ ያው ነው፤ ሞተሩ ይግላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም።

«ኮምፒውተሩ ያለውን ሴንሰር ቀይር»

መካኒኩ መመርመሪያ ሲሰካ የሞተሩ ኮምፒውተር የስህተት ኮድ ያወጣል። ቀይር ግን አላለም። ያየውን ነው የተናገረው። ለምሳሌ ፒ0172 የሚለው ኮድ ድብልቁ ቤንዚን እንደበዛበት ብቻ ይገልጻል። ለምን እንደበዛ አይነግርም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጭሱን የሚለካውን ውድ ኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ግራ የሚያጋባው እንዲህ ያለው ነው። አንድ ሲሊንደር እሳት ካጣ ያልተቃጠለ ኦክስጅን በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሴንሰሩ ያንን አይቶ «ቤንዚን አነሰ» ይላል። ኮምፒውተሩ በሌሎቹም ላይ ቤንዚን ይጨምራል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ቱቦ ቢሰነጠቅም አየር እየሳበ ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ከኮዱ በኋላ መካኒኩ የውሃውን ሙቀት፣ የአየሩን መጠን፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገውን የቤንዚን እርማት ሞተሩ እየሠራ በስክሪኑ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ካልበራ ደግሞ ችግር የለም ማለት አይደለም። የእኔ በርቶ አያውቅም።

«ቤንዚን ከበላ ሞተሩ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ከጉዞ በኋላ እጃችሁን ወደ ጎማው ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ ይዞታል። የጎማ ንፋስም ለኩ። ፖርቶ መጋላው ላይ ያለ ምክንያት የሚዞረውን ዕቃም አውርዱ።

«ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ቤንዚን ይቆጥባል»

ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ፣ ዙሩ ከፍ እስካለ ድረስ ቤንዚኑን ጭራሽ ይቆርጠዋል። ማርሽ ስታወጡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ቆጥባችሁ ሳይሆን ጨምራችሁ ነው የወረዳችሁት።

ካርቡሬተር ላይ ጥቂት ሊተርፍ ይችላል። እባካችሁ ለዚያ ብላችሁ አታድርጉት። ሐረጎ ላይ ማርሽ ካልያዘው ክብደቱን ሁሉ ፍሬኑ ይሸከማል፤ ፍሬን ሲግል አይዝም። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የባሰ ነው። ሁለት ሦስቴ ከረገጣችሁት በኋላ የሰርቮው (የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልለው ዕቃ) እገዛ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ከኋላችሁ ሰው ጭናችኋል።

«መንገድ ላይ ከጠፋ የቤንዚን ፓምፕ ነው»

ፓምፕም ገዛሁ። አልተሻለውም። የአዛውንቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የጠቀመኝ።

እየሄደ ሳለ ቁልፍ እንደተዘጋ በአንዴ ጸጥ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፦ የሞተሩን ዙር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር፣ ኮይል፣ የላላ ሽቦ። በተለይ ሲግል ጠፍቶ፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ የሚነሳ ከሆነ እነዚህን ጠርጥሩ። እያነከሰ፣ ጉልበት እያጣ ቆይቶ ከጠፋ ቤንዚን አጥሮታል። ያኔም ከፓምፑ በፊት ፊልትሮውን (የቤንዚን ማጣሪያውን) እዩ። የታንከሩን ክዳን ስትከፍቱ በኃይል አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ጆሮ ስጡ፤ በብዙ መኪና ላይ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጉረመርም ይሰማል። ድምፅ መስጠቱ ብቻውን አይበቃም፤ ግፊቱ በጌጅ ይለካ።

ቆሞ ሳለ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፓምፑን ተዉት። የአየር ማስገቢያው ጉሮሮ ቆሽሾ፣ የሚኒሞ ቫልቩ (ቆሞ ሲሠራ የሞተሩን ዙር የሚጠብቀው) ተጣብቆ፣ ወይም አንድ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

እኔ «ዳገት ላይ ያነክሳል፣ ፍሬን ስይዝ ይጠፋል» አልኳቸው። «እንግዲህ ሁለት ሌባ ነው ያለህ» አሉኝ። ሞተሩን አስነስተው ፍሬን እንድረግጥ አዘዙኝ። ረገጥኩ፤ ተንቀጠቀጠ። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በፒንሳ ጫን ሲያደርጉት ሞተሩ ተረጋጋ። የሰርቮው ጎማ ሆድ ተቀዶ ኖሮ፣ በረገጥኩ ቁጥር አየር ወደ ሞተሩ ያስገባል። ይህ ለመመርመር ብቻ ነው፤ እንደዚያ ይዞ መንዳት አይቻልም፤ የፍሬኑ እገዛ ይጠፋል። ቀጥለው ፊልትሮውን ፈትተው ወደ ኋላ ሲያፈሱት ዝገት የመሰለ ውሃ ወጣ። ታንከሩም ታጠበ። ሦስተኛው ሌባ፣ ቤንዚኑን የሚበላው፣ ቦታው ባዶ ሆኖ የተገኘው ቴርሞስታት ነበር።

ሰርቮው ተቀየረ፣ ፊልትሮው ተቀየረ፣ ቴርሞስታት ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት ታንከሩን ሞልቼ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ ተመላልሼ ለካሁ። 12 ሊትር ከትንሽ። የገዛሁት አዲሱ ፓምፕ እስከ ዛሬ እዚያው ታንከሩ ውስጥ አለ፤ አሮጌውንም፣ ደህና ስለሆነ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበር ሥር አስቀምጬዋለሁ።