«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ምን ማለት ነው? አዮዲንስ ምን አገናኘው?

ደሴ ውስጥ ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው ለአክስቱ ልጅ ሲያደላ ወዲያው «ምን ታረገዋለህ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ያደገ ልጅ ደሞ አባቱን በቅጡ ሳያውቀው አረማመዱም አሳሳቁም ቁርጥ አባቱን ሲሆን ይሄው ተረት ይጠቀሳል፣ ያኔ ግን ወቀሳ የለበትም፣ አድናቆት ነው።

ነገሩ የመጣው ከፈረስና ከበቅሎ ነው። ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፣ ጋላቢው ዛቡን ሳብ ሲያረግ ብረቱ አፏን ስለሚይዛት በቅሎዋ ወደፈለገበት ትዞራለች። ተረቱ እንግዲህ ያንን ብረት እንኳን የሚበልጥ ጉልበት አለ ነው የሚለው።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ እና ይሄን ተረት ከፔሪዮዲክ ቴብል፣ ማለትም ኤለመንቶች (ነገር ሁሉ የተሰራባቸው ንጥረ ነገሮች) በየቤተሰባቸው ከሚደረደሩበት ሰንጠረዥ የበለጠ የሚያስረዳልኝ ነገር አላገኘሁም። ምን መሰላችሁ፣ እ.ኤ.አ በ1829 ዶበራይነር የሚባል ጀርመናዊ አንዳንድ ኤለመንቶች ሶስት ሶስት ሆነው እንደሚመሳሰሉ አየ፣ ለምሳሌ ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም። የሊቲየም አቶም ክብደት 7 የፖታሲየም 39 ነው፣ ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉት 23 ይመጣል፣ እሱ ደሞ የሶዲየም ነው! ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲንም እንደዛው ወንድማማች ናቸው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን፣ ቁስል ላይ የሚቀባውና ለእንቅርት መከላከያ ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን፣ ሁለቱም እያንዳንዳችን ቤት አሉ፣ ዘመድ መሆናቸውን ግን ስንቱ ያውቃል።

በ1869 ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ የታወቁትን 63 ኤለመንቶች በክብደት ቅደም ተከተል ደረደራቸው፣ ክብደት ልጓሙ ነበር ማለት ነው፣ ሁሉንም የሚመራው እሱ ነው። ቴሉሪየምና አዮዲን ጋ ሲደርስ ግን ችግር መጣ። በዛሬው ልኬት ቴሉሪየም 127.6 አዮዲን 126.9 ነው፣ ስለዚህ በክብደት ከሄድን አዮዲን ይቀድምና ከነድኝ ቤተሰብ ይገባል፣ ቴሉሪየም ደሞ ከነክሎሪን ጋ ይቀመጣል። ግን አዮዲን ልክ እንደ ክሎሪን ከሶዲየም ጋ አንድ ለአንድ ተጣምሮ ጨው ይሰራል፣ ቴሉሪየም ደሞ እንደ ድኝ ሁለት ሃይድሮጅን ነው የሚይዘው። ሜንዴሌቭ ልጓሙን ለቆ ዘራቸውን ተከተለ፣ ቴሉሪየምን አስቀደመ፣ በቃ። እኔ ከስራው ሁሉ ይሄን ነው የማደንቅለት፣ ባዶ ቦታ ትቶላቸው በኋላ ከተገኙት ከጋሊየም (1875) እና ከጀርማኒየም (1886) በላይ።

እሱ ግን የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ ነበር የመሰለው። ልኬቱ ልክ ነበር። ምክንያቱን በ1913 በኤክስሬይ ያወጣው ወጣቱ እንግሊዛዊ ሞዝሊ ነው፣ ተራውን የሚወስነው ክብደቱ ሳይሆን ኒውክለሱ (የአቶሙ እምብርት) ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፣ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሞዝሊ በ1915 ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ በ27 አመቱ ተገደለ፣ ባስተማርኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

አርጎንና ፖታሲየምም ላይ ያው ነው፣ አርጎን 39.95 ፖታሲየም 39.1። በክብደት ብንሄድ ፖታሲየም ከነሂሊየም፣ ከማንም ጋ መነካካት ከማይፈልጉት ጋ ሊቀመጥ ነው፣ ውሃ ላይ ጠብ ሲል እሳት የሚያነሳው ፖታሲየም!