ቀጋ፦ አጥር ላይ ያለው የራሳችን ጽጌረዳ

ቀጋን የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ደገኛ የለም። ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው ደግሞ ክንዱ ላይ በቀረው ጭረት ያውቀዋል። ጽጌረዳ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ማንም ከውጭ ሳያመጣው የሚበቅል ብቸኛ የዱር ጽጌረዳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም አገሩን ይጠራል፦ ሮዛ አቢሲኒካ። በኤርትራ፣ በሶማሊያ፣ በሱዳን፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመን ይገኛል።

አበባው ነጭ ነው፤ መሃሉ ቢጫ። አምስት ስስ የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ ሽታው ደስ ይላል። ብቻውን ሲቆም ቁጥቋጦ ነው። የሚደገፍበት ዛፍ ካገኘ ግን እስከ 7 ሜትር ይወጣል። እሾሁ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። እጅ ሲገባ ዝም ይላል፤ ሲወጣ ነው የሚይዘው። ጥሩ አጥር የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የሚወደው ከ1,700 እስከ 3,300 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ስለዚህ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ቀጋ አትፈልጉ። ወደ ጣርማ በር ስትወጡ፣ በአንኮበር ዳገት፣ በወፍ ዋሻ ደን ዳርቻ ግን ቤቱ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንም ይስማማዋል። የመንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ሲደረስ ቦታውን ለአስታ ቁጥቋጦና ለጓሳ ሣር ይለቃል።

እሾህ ላጣሪው፣ ነገር ለፈጣሪው ይባላል። እኛ ዘንድ የተለመደው እሾህ ቆርጦ፣ አድርቆ ማጠር ነው። ክምር የሚታጠረውም፣ የጓሮ ጎመን የሚታጠረውም እንዲሁ ነው። ችግሩ ደረቅ አጥር ዕድሜ የለውም። ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ማገዶ ሲጠፋም ይነቀላል። በማግስቱ ዓመት ሌላ ቁጥቋጦ ይቆረጣል። ሥር ያለው ቀጋ ግን ዓመት በዓመት እየጠነከረ ይሄዳል። እኔ ብጠየቅ፣ ለሚቆረጠው እሾህ ሁሉ መድኃኒቱ አጥሩን መትከል ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከዘር ማብቀል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበቅልም። በቁራጭ ይሻላል። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከስንዝር በለጥ የሚል ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይገባል። ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ነው፤ ክረምቱ ራሱ ያጠጣዋል። በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በሁለት ረድፍ፣ የአንዱ ተክል ከሌላው ረድፍ ክፍተት ትይዩ እንዲሆን ይተከላል። የደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ለጋውን እንዳይጎዳው ሥሩን ጭድ ማልበስ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከፍየል መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠብቃል። መከርከም ያለበት ፍሬው ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የከረከመ ሰው አበባውንም ፍሬውንም አብሮ ይቆርጣል።

ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለወጣል። ቫይታሚን ሲ በብዛት አለው። የሚበላው ዙሪያው ያለው ሥጋ ነው። ውስጡ በጠንካራ ዘርና በደቃቅ ፀጉር የተሞላ ነው። ልጅ ሆኜ አንዱን ሙሉውን ጎርሼ ጉሮሮዬ ቀኑን ሙሉ ሲከረክረኝ ውሏል። የሚያውቁ ልጆች በጥርሳቸው ለሁለት ይሰነጥቁትና ውስጡን በጥፍራቸው ፍቀው ይጥላሉ። የደረቀው ፍሬ ለሻይም ይሆናል፤ ያኔም በጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል።

ግቢያቸው ወፍና ንብ እንዲያይ ለሚፈልጉ ደግሞ ከቀጋ የተሻለ ጽጌረዳ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ንብ ከጽጌረዳ በዋናነት የምትፈልገው የአበባውን ብናኝ ነው። በየከተማው ግቢ የምንተክለው ድርብርብ የፈረንጅ ጽጌረዳ ደግሞ፣ ብናኝ የሚሰጠው ክፍል በአብዛኛው ወደ አበባ ቅጠልነት ተለውጦበታል። ያምራል፤ ለንብ ግን ባዶ ገበታ ነው። ቀጋ መሃሉ ክፍት ነው፤ ንቧ በቀጥታ ታርፍበታለች። ፍሬውን ወፎች ይበላሉ፣ ዘሩንም ወስደው ይዘሩታል። ጥቅጥቅ ያለው እሾህ ድመት ስለማያስገባ ለጎጆ ይመቻቸዋል። ከሥሩ ቆቅ ትደበቃለች። ከብት የማይደርስበት በመሆኑም የጽድና የወይራ ችግኝ እዚያው ጥላ ሥር ሲያድግ አይቻለሁ።

ደስ የማይለው የቀጋ ቦታ እየጠበበ መምጣቱ ነው። ማሳው ጫፍ ላይ ባህር ዛፍ ይገባል፤ ከተማው ሲሰፋ ቆርቆሮና የግንብ አጥር ይተካዋል። ባህር ዛፍ ገንዘብ ስለሆነ ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። ግን ሁለቱ አብረው መሆን ይችላሉ፤ ቀጋ የሚፈልገው ማሳ አይደለም፣ ድንበር ነው። መንዝ ውስጥ የድንጋይ ካብ ላይ ተንተርሶ ያደገ ቀጋ እንኳን በሬ፣ ፍየልም አያሳልፍም።

ችግኝ መግዛት ለማይችል ሰው ደግሞ ያው ካብ መልስ አለው። ዝናቡ ሲጀምር ወፎች የሚያርፉበትን የካብ ሥር ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። ወፍ የጣለችው ቡቃያ እዚያ ይገኛል፤ ከነአፈሩ ማንሳት ብቻ ነው የሚቀረው።