ማሪያ ሞንቴሶሪ፦ በሕፃናት ትምህርት ፈር የቀደዱ ካቶሊካዊት

ማሪያ ሞንቴሶሪ (1870–1952) ኢጣሊያዊት ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ሲሆኑ፣ ሕፃናት በራሳቸው እጅ እየሠሩ የሚማሩበትንና ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የማስተማር ሥርዓት መሥርተዋል። በአዲስ አበባም ይህን ስም የያዙ መዋዕለ ሕፃናት አሉ፤ ስለ ባለስሟ በአማርኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። በሌሎች ቋንቋዎች በሚነገረው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥም ካቶሊካዊ እምነታቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ለዚያ ወገን ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 በአንኮና አቅራቢያ በምትገኘው ኪያራቫሌ ተወለዱ። አባታቸው አሌሳንድሮ የመንግሥት ሹም፣ እናታቸው ሬኒልዴ ስቶፓኒ ደግሞ በዘመኑ ለሴት ብርቅ የሆነ የንባብ ፍቅር የነበራቸው ወይዘሮ ነበሩ። ታዋቂው ካህንና የሥነ ምድር ሊቅ አንቶኒዮ ስቶፓኒ የእናታቸው ዘመድ እንደሆኑ በብዙ ቦታ ይጻፋል፤ የዝምድናው ደረጃ ግን ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ ዝምድናውን ራሱን የሚጠራጠሩም አሉ። ቤተሰቡ በ1875 ወደ ሮም ተዛወረ።

በሮም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1896 ተመረቁ። «የመጀመሪያዋ ኢጣሊያዊት ሐኪም» መባላቸው የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ከእሳቸው በፊት በኢጣሊያ በሕክምና የተመረቁ ሴቶች ነበሩ። ወደ ሕክምና ትምህርት እንዲገቡ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ አማልደዋቸዋል የሚል ትረካም ይነገራል፤ ይህም ከትረካነት አልፎ በሰነድ የተረጋገጠ ሆኖ አይቀርብም። በእርግጥ የሚታወቀው፣ ሴት ከወንዶች ጋር ሆና እርቃኑን ያለ አስከሬን ማየቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ የአስከሬን ምርመራ ትምህርታቸውን ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻቸውን ይሠሩ እንደነበር ነው።

ከምርቃት በኋላ በሮም የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ሲሠሩ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ትምህርት ጭምር እንደሆነ ተረዱ፤ ኢታር እና ሴጌን የተባሉትን የፈረንሳይ ሐኪሞች ሥራም በጥልቀት አጠኑ። በ1900 ለእነዚህ ሕፃናት መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም ከዶክተር ጁዜፔ ሞንቴሳኖ ጋር በኃላፊነት ያዙ። ከእሳቸውም በ1898 ማሪዮ የተባለ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ጋብቻ ስላልተፈጸመ ሕፃኑ በገጠር በሌላ ቤተሰብ አደገ፤ እናቱ ወደ ራሳቸው የወሰዱት የ15 ዓመት ልጅ ገደማ ሲሆን ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በአደባባይ የሚታወቀው የእህት ወይም የወንድም ልጅ ተብሎ ነው። የሕፃናትን ክብር ለዓለም ያስተማሩት እናት የገዛ ልጃቸውን የልጅነት ዘመን ከሩቅ ማየታቸው በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ የከበደው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ዋናው ሥራቸው የጀመረው ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮም የድሆች ሰፈር ነው። አንድ የቤቶች ኩባንያ በሰፈሩ ያሉትን ያረጁ ሕንፃዎች አድሶ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራየ፤ ይሁን እንጂ ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ብቻቸውን የሚቀሩት ሕፃናት ደረጃውንና ግድግዳውን ያበላሹ ነበር። የኩባንያው ዳይሬክተር ኤዶአርዶ ታላሞ ሕፃናቱን የሚይዝላቸው ሰው ሲፈልጉ ሞንቴሶሪን አገኙ። የመጀመሪያው «የሕፃናት ቤት» ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ተከፈተ፤ ዕለቱ የላቲን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን የሰብአ ሰገልን ወደ ቤተልሔም መምጣት የምታስብበት በዓል ነው። ሞንቴሶሪ በመክፈቻው ላይ የበዓሉን ንባብ፣ ማለትም ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 60 ስለሚመጣው ብርሃን የተናገረውን ማንበባቸውን በኋላ ተርከዋል። በቦታው የነበሩት ሃምሳ ያህል አብዛኞቹ ዓይን አፋርና አልቃሻ የድሃ ልጆች ስለነበሩ ታዳሚው ንግግሩን የተጋነነ አድርጎ ቢያየው አያስገርምም።

በዚያ ቤት የታየው ነገር የሥርዓቱ ሁሉ መሠረት ነው። ወንበርና ጠረጴዛው በሕፃናቱ ቁመት ተሠራ፤ መጫወቻና የመማሪያ ዕቃ በዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሕፃኑ ራሱ እንዲመርጥ ተተወ። አንዲት የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን የእንጨት ቁራጮች በየቀዳዳቸው እያስገባችና እያወጣች ከ40 ጊዜ በላይ ደጋገመችው፤ ሌሎቹ ልጆች ዙሪያዋን እየዘመሩ ሲዞሩ፣ ወንበሯም ከነእርሷ ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዓይኗን ከሥራዋ አላነሣችም። ሌላ ቀን ደግሞ ሞንቴሶሪ የአራት ወር ጨቅላ ታቅፈው ወደ ክፍሉ ገቡና ልጆቹን እንደ ጨቅላው ጸጥ እንዲሉ ጠየቋቸው፤ ልጆቹም ትንፋሻቸውን ሳይቀር ቀንሰው ዝም አሉ። «የጸጥታ ትምህርት» የሚባለው የመጣው ከዚህ ነው። ሥርዓቱ የእጅ ሥራ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ጸጥታ ልብ ያሉት አይመስልም፤ ሞንቴሶሪ ራሳቸው ለጸሎት መሰናዶ አድርገው ያዩት ነበርና። ፊደልም እንዲሁ ከወረቀት በፊት በጣት ይጠና ነበር፤ በሸካራ ወረቀት የተሠሩ ፊደሎችን እየዳሰሱ የተማሩ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ድንገት መጻፍ ጀመሩ፤ ወሬውም ከኢጣሊያ ውጭ ተሰማ።

በዲሴምበር 1908 ሜሲናን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የተረፉ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የተቀበሉት በሮም፣ በጁስቲ ጎዳና ያሉት የማርያም ፍራንቸስካውያን ሚስዮናውያት ደናግል ነበሩ። ሞንቴሶሪ በዚያ ገዳም ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከድንጋጤ የተነሣ መብላትና መናገር አቅቷቸው የነበሩት ልጆች አበባ በማጠጣት፣ ገበታ በማቅረብና በመዘመር ቀስ በቀስ ሕይወታቸው ተመለሰ። ከ1909 ጀምሮ ስለ ሥርዓታቸው የጻፉት መጽሐፍ ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ በ1913 እና በ1915 ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከፍተኛ አቀባበል ተደረገላቸው፤ የአሜሪካው ሞቅታ ግን ፈጥኖ በረደ።

ለካቶሊካዊ አንባቢ ከሁሉ የሚበልጠው የባርሴሎና ዘመን ነው። ከ1915 ጀምሮ በተባባሪያቸው አና ማሪያ ማኬሮኒ በኩል በተቋቋመው ትምህርት ቤት ውስጥ ለሕፃናቱ ቁመት የተሠራ ጸሎት ቤት ነበር፤ ወንበሩም የተባረከው ውኃ ማስቀመጫም ዝቅ ያለ ነው። ልጆቹ ስንዴና ወይን ተክለው፣ ተንከባክበው፣ አጭደውና ለቅመው፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስትና ወይን ከእጃቸው ሥራ እንዲዘጋጅ ተደረገ። ሞንቴሶሪ በክፍል ውስጥ የተለመዱት ልምምዶች፣ ማለትም ዕቃን ሳያንኳኩ መያዝ፣ በእርጋታ መራመድና በጸጥታ መቆየት፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እውነተኛ ዓላማቸውን አገኙ ብለው ያምኑ ነበር። ስለ ሕፃናትና ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሥርዓተ አምልኮ ዓመትና ስለ ቅዳሴ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍትንም ጽፈዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ በ1918 ሐዋርያዊ ቡራኬ ሰጥተዋቸዋል።

ይሁንና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም አልተቀበሏቸውም። ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ካህናት ማኅበር ወገን የጻፉ ተቺዎች የሕፃኑ ነፃነት ውርስ ኃጢአትን ይዘነጋል ሲሉ ከሰሱ፤ በኢጣሊያም ብዙ ካህናት የኢጣሊያውያኑን የሕፃናት አስተማሪዎች፣ የእኅትማማቾቹን የሮዛና የካሮሊና አጋዚን ሥርዓት መረጡ። ፒዮስ 11ኛ በ1929 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ያወጡት መልእክት ተፈጥሯዊነትን፣ ማለትም ሕፃኑን ያለ ጸጋ በተፈጥሮው ብቻ ማሳደግን፣ ሲነቅፍ እሳቸውንም ይነካል ያሉ ነበሩ፤ ስማቸው ግን በመልእክቱ ውስጥ የለም። በ1899 የሃይማኖቶችን ሁሉ የጋራ ምሥጢራዊ ጥበብ እሻለሁ የሚለው የቴዎሶፊ ማኅበር አባል መሆናቸው፣ በኋላም በሕንድ በዚሁ ማኅበር ግቢ ማስተማራቸው ጥርጣሬውን አባብሶታል። እሳቸው እስከ መጨረሻው ካቶሊክ ነኝ ይሉ ነበር፤ የሕይወታቸው ፍጻሜም ይህንኑ ያሳያል።

ከሙሶሊኒ መንግሥት ጋር የነበራቸው ግንኙነት በወዳጆቻቸው ዘንድ በአጭሩ ይነገራል። ከ1924 ጀምሮ ድጋፉን ተቀበሉ፤ በ1934፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከመውረሯ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ ግንኙነቱ ተቋረጠና ትምህርት ቤቶቻቸው ተዘጉ። ይኖሩባት ከነበረችው ከባርሴሎናም በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት አስወጣቸው፤ ኑሯቸውን ወደ ኔዘርላንድስ አደረጉ። በ1939 ወደ ሕንድ ሄደው እስከ 1946 ቆዩ፤ በዚያም ከአንድ ሺህ በላይ መምህራንን አሠልጥነዋል። በ1949፣ በ1950 እና በ1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጭተዋል።

ሜይ 6 ቀን 1952 በኔዘርላንድስ ኖርድዋይክ አን ዜ ዐረፉና በዚያው በካቶሊኮች መካነ መቃብር ተቀበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ሶፊያ ካቫሌቲ የተባሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁርና በሞንቴሶሪ ሥርዓት ያስተምሩ የነበሩት ጃና ጎቢ በሮም ጥቂት ሕፃናትን ሰብስበው «የመልካሙ እረኛ ትምህርተ ክርስቶስ» የሚባለውን ጀመሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሕፃናቱ ትንሹን መንበረ ታቦት፣ ጽዋውንና ሻማውን በእጃቸው እያሰናዱ ቅዳሴን ይማራሉ፤ የእረኛውንና የበጎቹን ምሳሌም በትንንሽ የእንጨት ምስሎች እያንቀሳቀሱ ያሰላስላሉ።